እኔ አልወስድም፤ ግን እፈርማለሁ

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የግዥ ኮሚቴ አባል ነኝ። ሦስት ፕሮፎርማ ይቀርባል፤ ሦስቱም ከአንድ ነጋዴ እጅ እንደሚወጡ ግን ሁላችንም እናውቃለን። ባልደረቦቼ ኮሚሽን ይካፈላሉ፤ እኔ አልወስድም፤ ቃለ ጉባኤው ላይ ግን እፈርማለሁ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያሉ ይመክሩኛል። ከሁለት ዓመት በፊት ለፋሲካ በፖስታ የሰጡኝን ገንዘብ፣ የልጆቼ ልብስ አስጨንቆኝ ስለነበር፣ ተቀብያለሁ። ረቡዕና ዓርብን እጾማለሁ፣ አስቀድሳለሁ፤ ልቤ ግን አላረፈም። ዘመኑ እንዲህ ከሆነ ሥራዬን ሳልለቅ ከእግዚአብሔር ጋር መሄድ እችላለሁን?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ይችላሉ፤ አሁን በያዙት መንገድ ግን አይደለም። ሄኖክ አካሄዱን ከእግዚአብሔር ጋር ማድረጉን ኦሪት ዘፍጥረት የሚነግረን፣ ወንዶችና ሴቶች ልጆችን መውለዱን ከሚነግረን ጋር አያይዞ ነው። ስለ ኖኅም ይኸው የተነገረው ምድር በግፍ በተሞላችበት ዘመን ነው። ስለዚህ ቤተሰብ ማስተዳደሩም ሆነ የዘመኑ ክፋት ከእግዚአብሔር ጋር ከመሄድ አይከለክልም።

ለእርስዎ ሥራ እጅግ የሚቀርበው ግን ዳንኤል ነው። ስለ አንበሶቹ ጉድጓድ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል፤ ወደዚያ ያስጣለው ነገር ከምን እንደ ጀመረ ግን እምብዛም አናስተውልም። ዳርዮስ በመንግሥቱ ላይ 120 መሳፍንትን ሾሞ፣ ንጉሡ እንዳይጎዳ ሒሳባቸውን የሚቀበሉ 3 አለቆችን ከበላያቸው አደረገ፤ ከእነርሱም አንዱ ዳንኤል ነበረ። በባዕድ አገር፣ በአረማዊ ንጉሥ ቤት፣ የሰው ሒሳብ የሚቆጣጠር ሰው ነበረ ማለት ነው። ጠላቶቹ በሥራው ላይ ስሕተት ፈልገው ስላጡ ነው ወደ ጸሎቱ የዞሩት። በቀን ሦስት ጊዜ ይጸልይ የነበረው ሰውና ሒሳቡ ያልተነቀፈበት ሰው አንድ ነው፤ እርስዎን ዕረፍት የነሳዎትም እነዚህ ሁለቱ በእርስዎ ዘንድ መለያየታቸው ይመስለኛል። ይህን ስል ጾሙንና ቅዳሴውን ግብዝነት ነው ብለው እንዳይተዉ አደራ እላለሁ፤ ልብዎን የቀሰቀሰው እርሱ ነውና።

«አልወስድም» በሚለው ላጽናናዎት አልችልም። ፊርማዎ የምስክርነት ቃል ነው፤ ሦስት ነጋዴዎች ተወዳድረዋል ብሎ ይመሰክራል፤ አልተወዳደሩም። በሐሰት አትመስክር የሚለው ትእዛዝ ገንዘብ ላልወሰደ ሰው አልተፈታም።

ሥራዎን ይልቀቁ ለማለት አልቸኩልም፤ የልጆችዎ እንጀራ ቀላል ነገር አይደለም። አስቀድመው ለባለቤትዎ ይንገሯት፤ የሚመጣው ችግር እርሷንም ይነካልና። ከዚያም ከስብሰባው በፊት ሰብሳቢውን ለብቻቸው አነጋግረው በእንዲህ ያለ ግዥ ላይ እንደማይፈርሙ በአክብሮት ያስረዷቸው፤ እምቢ ካሉ የልዩነት ሐሳብዎ ከነምክንያቱ በቃለ ጉባኤው እንዲሰፍር ይጠይቁ። ከኮሚቴው ሊያወጡዎት፣ አበልና ዕድገት ሊከለክሉዎት ይችላሉ፤ ይህን አልደብቅዎትም። ካልፈረምህ ሥራህን ታጣለህ የሚባልበት ቀን ከመጣ፣ ያን ጊዜ ሥራው ይቅር።

የፋሲካው ፖስታ ግን ዛሬውኑ መፍትሔ ይሻል። ዘኬዎስ በሐሰት የወሰደውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ እንጂ ተጸጽቻለሁ ብሎ ብቻ አልቀረም። ያ ገንዘብ ከተጋነነው ዋጋ፣ ማለትም ከሕዝብ ኪስ የወጣ ስለሆነ፣ ለነጋዴው ቢመልሱለት ለባለቤቱ አልተመለሰም፤ በሙዳየ ምጽዋት ጨምረው ኅሊናዎን ዝም ሊያሰኙም አይሞክሩ። ለንስሐ አባትዎ ሁሉንም ይንገሩ፤ ለሕዝቡ የሚመለስበትንም መንገድ ከእርሳቸው ጋር ይፈልጉ፤ በአንድ ጊዜ ካልቻሉ ከደመወዝዎ በየወሩ እየቀነሱ ይመልሱ።