ማኅተማችሁን አንሡልኝ፦ ከአንዲት ቪጋን ጋር ጥያቄና መልስ

ቪጋን ከሆንኩ ቆይቻለሁ። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ቆዳ፣ ሱፍ፣ ሁሉንም ትቻለሁ። በአንድ ትልቅ የእንስሳት መብት ድርጅት ውስጥም በበጎ ፈቃደኝነት ሠርቻለሁ። ሰሞኑን «ቪጋንን እንደ እንስሳት መብት ድርጅት የሚያበሳጨው የለም» ብዬ ስጽፍ ጥያቄው ጎረፈ። ግማሹ «እውነትሽን ነው» አለ። ግማሹ ደግሞ «የራስሽን ወገን ለምን ትወጊያለሽ?» ብሎ ተቆጣ። እንግዲህ ጠይቁኝ፤ የቻልኩትን እመልሳለሁ። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራቸው።

ጥያቄ፦ ምናቸው ነው የሚያናድድሽ? እነሱም እኮ ለእንስሳት ነው የሚሟገቱት።

መልስ፦ ማኅተማቸው። በብሪታንያ አር.ኤስ.ፒ.ሲ.ኤ. የሚባል ማኅበር አለ። በእንስሳት ላይ የሚፈጸም ጭካኔን ለመከላከል በ1824 የተቋቋመ፣ እጅግ አንጋፋ ማኅበር ነው። ይኸው ማኅበር በ1994 ለሥጋ፣ ለእንቁላልና ለወተት የሚለጠፍ የራሱን መለያ አወጣ። የተወሰነ ደረጃ ያሟላ አርቢ መለያውን በምርቱ ላይ ይለጥፋል። የእንስሳት ጠበቃ የተባለው አካል ስሙን በሥጋ ማሸጊያ ላይ አኖረ ማለት ነው።

በ2024 አክቲቪስቶች መለያው ካላቸው ቦታዎች በድብቅ የተቀረጹ ምስሎችን ይዘው ወጡ። ነገሩ ጉድ አሰኘ። በዓመቱ መጨረሻ የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ክሪስ ፓካም እና ከምክትል ፕሬዚዳንቶቹ አንዷ የነበሩት ካሮላይን ሉካስ በዚሁ ምክንያት ኃላፊነታቸውን ለቀቁ።

እሺ፣ ምስሉ ንጹሕ ቢሆን ኖሮስ? ሁሉም እርሻ ደንቡን አክብሮ ቢገኝስ? ዞሮ ዞሮ እንስሳው የሚሄደው ቄራ ነው። ሸማቹ ግን መለያውን ሲያይ «ይኼኛው ችግር የለውም» ብሎ እፎይ ይላል። ሰው ከሥጋው ጋር የሚገዛው ያንን እፎይታ ነው፤ ያቀረበለትም ድርጅቱ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ዶሮዎች የሚታጎሩበት የሽቦ ኬጅ ሰፋ ሲባል ይከፋሻል? ዶሮዎቹ በጠባቡ ይታፈኑ ነው የምትይው?

መልስ፦ አይከፋኝም። የአውሮፓ ኅብረት በ1999 ባወጣው መመሪያ ባዶውን የሽቦ ኬጅ ከ2012 መግቢያ ጀምሮ ከልክሏል። በድሮው ኬጅ ለአንዲት ዶሮ የሚደርሳት ቦታ 550 ካሬ ሴንቲሜትር ነበር። ይህ ከአንድ ኤ4 ወረቀት ያንሳል። «የተሻሻለው» ኬጅ 750 ሆነ፤ የምታርፍበት እንጨትና እንቁላል የምትጥልበት ጥግም ተጨመረለት። ብዙ አይደለም። ቢሆንም ለዶሮዋ ለውጥ ነው፤ እኔ ደግሞ በዚያ ሽቦ ላይ ቆሜ ስለማላውቅ ንቄ አልናገርም።

ኬጅ በማስፋት የማይነካ ነገር ግን አለ። ለእንቁላል የሚረቡት ዝርያዎች ወንዶቹ አይጥሉም፤ ለሥጋም ቶሎ አያድጉም። ስለዚህ በተፈለፈሉ በሰዓታት ውስጥ ይገደላሉ፤ ወይ በጋዝ፣ ወይ በመፍጫ ማሽን። በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 7 ቢሊዮን የሚጠጉ ጫጩቶች እንዲህ እንደሚሞቱ ይገመታል። ጀርመን ይህን ከ2022 ጀምሮ ከልክላለች። በአብዛኛው ዓለም ግን «ከኬጅ ውጭ» የተባለው እንቁላልም የሚመጣው ከነዚሁ ማስፈልፈያዎች ነው። ስለዚህ ድርጅት «ይህን አትፍቀዱ» ሲል ከጎኑ እቆማለሁ። «ይህኛውን ግዙ» ሲል እለያለሁ። በመጀመሪያው ከኢንዱስትሪው ላይ አንድ ነገር ይነጥቃል፤ በሁለተኛው መልካም ስም ያበድረዋል።

ጥያቄ፦ መስመርሽ በወረቀት ላይ ያምራል። በተግባር ግን ሳያመሰግኑ መደራደር ይቻላል? ኩባንያው ምን ጎደለኝ ብሎ ይሰማል?

መልስ፦ ከአሜሪካ ሁለት ነገሮችን ልንገርህ፤ አንተው ፍረድ።

በ2011 ሂዩመን ሶሳይቲ የተባለው የአሜሪካ የእንስሳት ድርጅት ከእንቁላል አምራቾቹ ማኅበር ጋር እጅ ተጨባበጠ። ስምምነቱ በመላ አገሪቱ የሚሠራ ሕግ እንዲወጣ አብረው መወትወት ነበር። ሕጉ የተሻሻለውን ኬጅ ያስገድዳል፤ ከኬጅ ነጻ መውጣትን ግን አይጠይቅም። ድርጅቱ በምላሹ በኦሪገንና በዋሽንግተን ግዛቶች ሊያካሂድ የነበረውን የሕዝብ ድምፅ ተወ። ሌሎች የእንስሳት ድርጅቶች «ኬጅን በሕግ ልታጸኑት ነው ወይ?» ብለው ጮኹ። የከብትና የአሳማ አርቢዎችም «ነገ ወደኛ ይመጣል» ብለው በሌላ በኩል ተነሡ። ሕጉ በኮንግረስ ሳያልፍ ቀረ። ለዓመታት የተደከመበት ነገር ሁለት ያጣ ጎመን ሆነ።

በ2018 ደግሞ የካሊፎርኒያ መራጮች ፕሮፖዚሽን 12 የተባለውን ሕግ በ63 በመቶ ገደማ ድምፅ አጸደቁ። ይህ ከጠባብ ኬጅ የመጣ እንቁላል፣ የጥጃ ሥጋና የአሳማ ሥጋ በግዛቲቱ ውስጥ እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ ከሌላ ግዛት ቢመጣም። የአሳማ አርቢዎቹ ማኅበር እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ከሰሰ፤ በግንቦት 2023 ተረታ። እዚያ አርቢዎቹን ማመስገን አላስፈለገም። እርግጥ ፕሮፖዚሽን 12ም ቢሆን «ከዚህ በኋላ የአሳማ ሥጋው ደህና ነው» የሚል ስሜት ይተዋል። ይህን አልክድም፤ ከቪጋኖች መካከልም የተቃወሙት ነበሩ። እኔ ግን ብጠየቅ እመርጠው ነበር።

ጥያቄ፦ ማር?

መልስ፦ አይበላም። ቀጣይ።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ ሲንገርና ፍራንሲዮን የሚባሉ ሰዎች ስም ሁሌ ይነሣል። ጠባቸው ምንድን ነው? በቀላሉ አስረጂኝ።

መልስ፦ ፒተር ሲንገር አውስትራሊያዊ ፈላስፋ ነው። ሁሉን ነገር በስቃይ ነው የሚመዝነው። የአሳማም ሆነ የሰው ስቃይ እኩል ከሆነ እኩል ይቆጠራል። የሚገርመው ሰው ሁሉ «የእንስሳት መብት አባት» ይበለው እንጂ ክርክሩ የቆመው በመብት ላይ አይደለም። ስቃይን የሚቀንስ እርምጃ ሁሉ ለእሱ ትርፍ ነው። ጋሪ ፍራንሲዮን ደግሞ አሜሪካዊ የሕግ ምሁር ነው። እንስሳ ንብረት ሆኖ እስከቆየ ድረስ ጥቅሙ ሁልጊዜ በባለቤቱ ጥቅም ይዋጣል ይላል። ስለዚህ ማሻሻያው ባለቤትነቱን ያጠናክራል እንጂ አያፈርሰውም፤ ቪጋንነት ደግሞ የመጨረሻው ሳይሆን የመጀመሪያው ደረጃ ነው።

ጠቡ ገሃድ የወጣው በ2005 ነው። ሆል ፉድስ የተባለው የአሜሪካ የምግብ መደብር ለሚሸጣቸው እንስሳት አያያዝ አዲስ ደረጃ ሊያወጣ ተነሣ። ሲንገርና ከደርዘን በላይ የሚሆኑ የእንስሳት ድርጅቶች ለኩባንያው ኃላፊ አድናቆትና ድጋፍ የሚገልጽ ደብዳቤ ፈረሙ። ሥጋ ለሚሸጥ መደብር! ደብዳቤውን ባነበብኩ ቁጥር እበሽቃለሁ። ቢተቹትስ ኖሮ ደረጃውን ማውጣቱ ይቀር ነበር ወይ? ኩባንያው ለገበያው ሲል የሚያደርገውን ነገር ለምን በነጻ ያስተዋውቁለታል?

በዚህ ጉዳይ ከፍራንሲዮን ጋር ነኝ። ማሻሻያን በጅምላ ሲያወግዝ ግን አልከተለውም። ዛሬ በኬጅ ውስጥ ያለችው ዶሮ የንብረት ሕግ እስኪለወጥ አትጠብቅም።

ጥያቄ፦ ፔታስ? እነሱ ቢያንስ አይሽኮረመሙም።

መልስ፦ አዎ፣ ጩኸት አይፈሩም። በ1980 በአሜሪካ የተመሠረቱ የእንስሳት መብት ድርጅት ናቸው። በማግሥቱ ዓመት በሜሪላንድ የአንድ ቤተ ሙከራ ጦጣዎችን ሁኔታ ይፋ ሲያወጡ ነው ስማቸው የታወቀው። ለእኔም የመጀመሪያውን ጥያቄ በውስጤ የጫሩብኝ እነሱ ናቸው፤ ውለታቸውን አልረሳም። ግን ይኸው ድርጅት በ2004 ለቴምፕል ግራንዲን ሽልማት ሰጥቷል። ግራንዲን ከብቶች ሳይደነግጡ ወደ መታረጃው የሚሄዱበትን መተላለፊያ በመንደፍ የታወቀች የእንስሳት ሳይንስ ምሁር ናት። ሥራዋ ፍርሃትን ይቀንስ ይሆናል። ሆኖም ቄራውን የሚያቀላጥፍ ንድፍ ከእንስሳት መብት ድርጅት ሽልማት ሲያገኝ፣ ለልጅ እንኳ ማስረዳት ያስቸግራል።

በቨርጂኒያ ባለው መጠለያቸው ከሚቀበሏቸው እንስሳት አብዛኞቹን በመርፌ እንደሚገድሉም ለግዛቲቱ ከሚያቀርቡት የራሳቸው ሪፖርት ይታያል። «ሌላው የማይቀበላቸውን፣ የታመሙትንና ያረጁትን ነው የምንቀበለው» ይላሉ። ግማሹን አምናለሁ።

ጥያቄ፦ ውሻና ድመት እያሳዩ ገንዘብ ስለሚለምኑትስ ምን ትያለሽ?

መልስ፦ በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ80 ቢሊዮን በላይ የየብስ እንስሳት ይታረዳሉ፤ አብዛኞቹ ዶሮዎች ናቸው። ዓሣ እዚህ ውስጥ የለም። ማስታወቂያው ላይ የምናየው ግን ዓይኑ የሚያሳዝን ቡችላ ነው። ሌላ ምን ልበል?

ጥያቄ፦ ውስጡ ሠርተሻል ካልሽ፣ ለምንድን ነው «ቪጋን ሁኑ» ብለው በግልጽ የማይናገሩት?

መልስ፦ ገንዘብ ነው፤ ትንሽም ፍርሃት አለበት። እኔ በነበርኩበት ድርጅት ለበጎ ፈቃደኞች የተሰጠን መመሪያ ግልጽ ነበር። ከሰው ጋር ስታወሩ «ቪጋን» የሚለውን ቃል አታስቀድሙ፤ «ሥጋ ቀንሱ»፣ «የተሻለ ምረጡ» በሉ ተባልን። ምክንያቱን ስጠይቅ «አብዛኛው ለጋሻችን ሥጋ ይበላል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሥጋ የሚበላ ለጋሽ ገንዘብ የሚሰጠው ለሰፊ ኬጅ ነው፤ የራሱን ሳህን ለሚነካ ዘመቻ አይሰጥም። ድርጅቱ ደግሞ ደመወዝ ይከፍላል፣ ቢሮ ይከራያል። ቀስ በቀስ ለጋሹን የማያስከፋው ሥራ ብቻ ይቀራል። ማንም ተንኮል አላሰበም። ስብሰባ ላይ ሁሉም ቪጋን ነበሩ እኮ! ወደ ውጭ ሲናገሩ ግን በአንድ ራስ ሁለት ምላስ።

እርግጥ «ቪጋን» ስትል ጆሮውን የሚዘጋ ሰው አለ። «በሳምንት አንድ ቀን ሞክር» ስትለው የሚሰማም አለ። እሱን እረዳለሁ። ሰውን በደረጃ ማምጣት ይቻላል። ግን ጫፉን ደብቀህ በደረጃ ስታመጣው፣ መሀል ላይ ሲደርስ የደረሰ ይመስለዋል።

ጥያቄ፦ አንቺስ? መድኃኒት ትወስጃለሽ አይደል? በእንስሳት ላይ ያልተሞከረ መድኃኒት የለም። የራስሽን ድርድር ትተሽ የሰውን ታያለሽ።

መልስ፦ እወስዳለሁ። ክኒኖች ውስጥ ከወተት የሚወጣ ላክቶስ፣ ካፕሱል ላይ ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚሠራ ጄላቲን ሞልቷል። ሄፓሪን የሚባለው ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ከአሳማ አንጀት ነው የሚመጣው። የብሪታንያው የቪጋን ማኅበር በ1979 ያወጣው ፍቺ ራሱ «በተቻለና በተግባር እስከሚሆን ድረስ» ይላል። ስለዚህ የታመመ ቪጋን መድኃኒቱን ይውሰድ፤ «ቪጋን አይደለህም» የሚለውን አትስሙት።

ታዲያ ድርጅቶቹም «በተቻለ መጠን» ቢሉስ? ልዩነቱ ይህ ነው። እኔ መድኃኒቱን ስውጥ አምራቹን አልሸልመውም። አማራጭ ይምጣ እያልኩ ነው የምውጠው። ደግሞም ይመጣል። ኢንሱሊን ለአሥርት ዓመታት ከአሳማና ከከብት ቆሽት ነበር የሚወጣው፤ ከ1982 ጀምሮ ግን በባክቴሪያ የተመረተው የሰው ኢንሱሊን ገበያ ላይ ዋለ።

ጥያቄ፦ ከእፅዋት የተሠራ በርገር ለማውጣት አይጥ የገደለው ኩባንያስ?

መልስ፦ ኢምፖሲብል ፉድስ ነው። ለበርገሩ የሥጋ ጣዕም የሚሰጠውን ከአኩሪ አተር ጋር የተያያዘ ፕሮቲን ደኅንነት ለአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ለማሳየት በ188 አይጦች ላይ ሞክሮ ነበር። መሥራቹ በኋላ «ከባድ አጣብቂኝ ነበር» የሚል መግለጫ ጻፈ። ደጋፊዎቹ ሂሳብ ያቀርባሉ፤ 188 አይጦች ሞቱ፣ ስንት ሺህ ላሞች ተረፉ። ሂሳቡ ልክ ሊሆን ይችላል። ላሟን ለመብላት የምንሰጠው ሰበብም ግን ሂሳብ ነው፤ ሌላው ይጠቀማልና አንቺ ሙች። እኔ አልገዛውም። ሥጋ ትቶ እሱን የሚበላ ጓደኛ አለኝ፤ አንድም ቀን ተናግሬው አላውቅም።

ጥያቄ፦ ይህ ጭቅጭቅ የኢንተርኔት ዘመን ያመጣው ነው?

መልስ፦ የት! ከድርጅቶቹ እኩል ያረጀ ነው። ቅድም ያነሣሁትን የ1824ቱን ማኅበር ካቆሙት ሰዎች አንዱ ሉዊስ ጎምፐርትዝ ይባላል። ሥጋ አይበላም፣ ወተትና እንቁላል አይነካም፣ ፈረስ የሚጎትተው ሠረገላ ላይ እንኳ አይሳፈርም። ጸሐፊ ሆኖ ማኅበሩን ከዕዳ ያወጣው እሱ ነው። በ1830ዎቹ መጀመሪያ ማኅበሩ መርሑ የክርስትና ብቻ እንዲሆን ወሰነ። ጎምፐርትዝ አይሁዳዊ ነበርና ወጣ፤ የራሱን ማኅበርም መሠረተ። መገፋቱ በሃይማኖቱ ብቻ ነበር ወይስ በአቋሙም ጭምር? እኔ ሁለቱም ይመስለኛል።

እንግሊዛዊው ዶናልድ ዋትሰንም እንዲሁ ነው። በ1944 ሥጋ በማይበሉት በቬጀቴሪያኖቹ ማኅበር መጽሔት ላይ ወተት ለማይጠጡት አንድ ዓምድ ጠየቀ፤ ተከለከለ። ከጥቂት ሰዎች ጋር ሆኖ የቪጋን ማኅበርን መሠረተ። ቪጋንነት ራሱ የተወለደው በእንደዚህ ያለ ብስጭት ነው፤ ስለዚህ «መበሳጨት ይከፋፍለናል» የሚሉኝ ትንሽ ታሪክ ይዩ።

ጥያቄ፦ የምሰጠው ጥቂት ገንዘብ አለኝ። ለማን ልስጥ?

መልስ፦ ስም አልጠራልሽም፤ እንዴት እንደምመርጥ ልንገርሽ። መጀመሪያ ድረ ገጻቸው ላይ ስለ ምግብ የሚያወራውን ገጽ እከፍታለሁ። ሥጋ የሚያሞግስ የምግብ አሠራር ካለ እዘጋዋለሁ። ቀጥሎ ከሥጋ፣ ከእንቁላል ወይም ከወተት ሻጭ ገንዘብ ይቀበሉ እንደሆነ በኢሜይል እጠይቃለሁ። መልስ ካልሰጡ ያው መልስ ነው። ጥቂት ገንዘብ ከሆነ ደግሞ የዳኑ እንስሳትን የሚያኖር ትንሽ መጠለያ አትናቂ። መኖ፣ ሐኪም፣ አጥር፤ ገንዘብሽ የት እንደገባ ታያለሽ።

ጥያቄ፦ ምግብ ቤቶች ቀስ ብለው የሚያድጉ የሥጋ ዶሮ ዝርያዎችን ብቻ እንዲገዙ የሚጠይቅ ፊርማ ደርሶኛል። ልፈርም ወይስ ልተው?

መልስ፦ ፈርሚ። አሁን በብዛት የሚረቡት የሥጋ ዶሮዎች በስድስት ሳምንት አካባቢ ለእርድ ይደርሳሉ፤ ብዙዎቹ የገዛ ክብደታቸውን እግራቸው መሸከም ያቅተዋል። ይህን የሚያቆም ነገር ላይ ስምሽን ብታኖሪ ምንም አይቀርብሽም። ከሳምንት በኋላ ግን ድርጅቱ «እንኳን ደስ ያላችሁ፣ ይህ ምግብ ቤት ተስማምቷል፣ ሄዳችሁ አመስግኑት» የሚል መልእክት ይልክልሻል። እሱን አጥፊው።