አምፕ የለንም ብላችሁ ጊታራችሁን አትቅበሩት፦ ለሐዋሳ ወጣት ጊታሪስቶች

ሐዋሳ ውስጥ ኤሌክትሪክ ጊታር የሚይዝ ወጣት በዝቷል። ይሄ በጣም ያስደስተኛል። ሐይቁ ዳር ባሉት ሆቴሎች፣ በሰርግ ድንኳን፣ በምረቃ ዝግጅት ላይ አያችኋለሁ። ጣታችሁ ይሮጣል፤ ቅኝቱንም አውቃችሁታል። የሚያሳዝነኝ ድምፁ ነው። ቤት ውስጥ ጆሮ የሚያጠግበው ጊታር መድረክ ላይ ሲወጣ ጢዝዝ ይላል፣ ወይም ኪቦርዱ ሥር ተቀብሮ ይቀራል። ስትጠየቁ መልሳችሁ አንድ ነው፦ «አምፕ የለማ!» አምፕ ማለት የጊታሩን ድምፅ የሚያጎላው፣ ስፒከር ያለው ሳጥን ነው።

ልጆቼ፣ ይህን የሚጽፍላችሁ አምፕ የሚወድ ሰው ነው። ያደግኩትም በሱ ነው። ግን ኑሯችንን እንየው። ፌንደር ትዊን ሪቨርብ የሚባለው አምፕ 29 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። እሱን ባጃጅ ላይ ጭኖ ከአቶቴ ሐይቅ ዳር መውረድ ቀላል አይደለም። ዋጋውንም ተዉት። ተገኘ እንኳ ቢባል፣ አምፕ ጥሩ የሚናገረው ከፍ ሲል ነው፤ የአዳራሹ ኃላፊ ደግሞ ገና ሙዚቃው ሳይሞቅ «ቀንሱ» ይላል። ስለዚህ ከጊታር ቀጥታ ወደ ሚክሰር (የሁሉንም ድምፅ ወደሚቀላቅለው ሰሌዳ) መግባት የዘወትር ሥራችን ሆኗል። በዚህ መንገድ የሚያምር ድምፅ ይወጣል። መድረክ ላይም ሚክሰር ጀርባም ቆሜ ስላየሁት ነው የምላችሁ።

መጀመሪያ ምን እንደጎደላችሁ እወቁ። ብዙዎቻችሁ አምፕ ድምፅ ማጉያ ብቻ ይመስላችኋል። ግማሹን ሥራ የሚሠራው ስፒከሩ ነው። የተለመደው 12 ኢንች የጊታር ስፒከር ከ5 ኪሎ ሄርዝ ገደማ በላይ ያለውን ድምፅ ብዙም አያወጣም። ዲስቶርሽን (ድምፁን ሆን ብሎ የሚያሻክረው ኢፌክት) የሚፈጥረውን ሻካራ ጫጫታ ጠርጎ የሚያስቀረው እሱ ነው። የአዳራሹ ስፒከር ግን ለድምፃዊውም ለሲምባሉም የተሠራ ስለሆነ ሁሉንም ያሰማል። የዲስቶርሽን ፔዳላችሁን ቀጥታ ሚክሰር ላይ ስትሰኩ ጆሮ የሚበሳው ለዚህ ነው። ፔዳሉ አልተበላሸም። ስፒከሩ ነው የጎደለው።

የጎደለውን የሚመልሰው የስፒከሩን ሳጥን ድምፅ የሚያስመስለው፣ ካቢኔት ሲሙሌሽን (በአጭሩ ካብ ሲም) የሚባለው ነው። ነገሩ አዲስ አይደለም። ቴክ 21 የተባለው ድርጅት ሳንስአምፕ የሚባለውን የአምፕ ድምፅ አስመሳይ ያወጣው በ1989 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዲጂታል እንኳ አልነበረም። በ1998 እ.ኤ.አ. ደግሞ ላይን 6 የተባለው ድርጅት ፖድ የሚባለው ዲጂታል አስመሳይ መጣ። ዛሬ በትንንሽ ፔዳሎችም ውስጥ አይአር የሚባል ፋይል ይጫናል፤ እውነተኛ ካቢኔት በማይክ ተቀርጾ ባሕርይው የተያዘበት አጭር ፋይል ነው። ውዱን ካልገዛን ብላችሁ አትጨነቁ። ርካሹም ቢሆን ካብ ሲሙ በርቶ ከተጫወታችሁበት ያገለግላችኋል። ውዱን ይዛችሁ ካብ ሲሙን ካጠፋችሁት ግን ገንዘባችሁን በከንቱ አወጣችሁ። አንድ ቀን እውነተኛ አምፕ ካገኛችሁ ደግሞ አጥፉት፤ ሁለት ካቢኔት ሲደራረብ ድምፁ ይታፈናል።

ሞልቲ ኢፌክት (ብዙ ኢፌክት በአንድ የያዘ ፔዳል) የሌላችሁስ? ትንሽ የኢኪው (የወፍራምና የቀጭን ድምፅ ማመጣጠኛ) ፔዳል ከዲስቶርሽኑ በኋላ አስገቡና ላይኛውን አውርዱት። የሳውንድ ባለሙያውም ዲጂታል ሚክሰር ካለው ከ5 ወይም ከ6 ኪሎ ሄርዝ በላይ እንዲቆርጥላችሁ፣ ከ80 እስከ 100 ሄርዝ በታች ያለውንም እንዲያስወግድላችሁ ለምኑት። ታችኛው የቤዙ ቦታ ነው። ልቀቁለት።

ፔዳል ሳይኖር ጊታሩን ብቻ ሚክሰር ላይ መሰካትም ሌላ ጣጣ አለው። ድምፁ ደንዝዞ ይወጣል። የጊታር ፒካፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው) 1 ሜጋ ኦም አካባቢ ኢምፒዳንስ (የመቋቋም መጠን) ያለው መግቢያ ይፈልጋል፤ የሚክሰሩ መግቢያ ከዚያ በብዙ ያንሳል፤ ስለዚህ ትሬብሉ (ቀጭኑ ድምፅ) ይበላል። ሚክሰሩ ላይ «ሃይ ዚ» የሚል ቁልፍ ካለ እሱን ተጫኑ። ከሌለ ዲአይ ቦክስ ያዙ። የጊታሩን ሲግናል ለሚክሰሩ የምታስማማ፣ ቦርሳ ውስጥ የምትገባ ትንሽ ሳጥን ናት፤ ረጅም ኬብል ላይም ሁካታ ትቀንሳለች።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ብዙዎቻችሁ ድምፃችሁን የምታዘጋጁት ማታ፣ ቤት ውስጥ፣ በጆሮ ማዳመጫ፣ ቀስ አድርጋችሁ ነው። ጆሮ ደግሞ ድምፅ ዝቅ ሲል ቤዝና ትሬብልን አሳንሶ ይሰማል። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን በ1933 እ.ኤ.አ. ለክተው አሳይተዋል። ስለዚህ ቤት ስትሆኑ ሳታስቡት ቤዙን ትጨምራላችሁ፣ ትሬብሉን ትጨምራላችሁ፣ ሚዱን (መካከለኛውን ድምፅ) ትቀንሳላችሁ። ግሩም ይመስላችኋል። አዳራሽ ውስጥ ድምፁ ከፍ ሲል ቤዙ ይጎርፋል፣ ትሬብሉ ይወጋል። ጊታር የሚሰማበት ሚድ ግን የለም። የኪቦርዱ ግራ እጅ ታችኛውን ይዟል፤ ድምፃዊው መሃሉን ይዟል። እናንተ የት ትገቡ?

ስለዚህ ሚዱን መልሱት። ብቻውን ሲሰማ አፍንጫ አፍንጫ የሚል ድምፅ ባንዱ ሲገባ ቦታውን ይይዛል። ጌኑንም (የዲስቶርሽኑን ብዛት) ቤት ከለመዳችሁት ቀንሱ። ጌን ሲበዛ ምቱ ይሟሟል፤ ጭክጭካ ስትመቱ ደግሞ የፒኩ ምት ጥርት ብሎ ካልተሰማ ጊታሪስት መኖሩን ማን ያውቃል?

ሉፐር (የተጫወታችሁትን ቀርጾ ደጋግሞ የሚያሰማ) ያለው ፔዳል ካላችሁ ሳውንድ ቼክ (ከዝግጅቱ በፊት የሚደረግ የድምፅ ፍተሻ) ላይ እንዲህ አድርጉ። ትንሽ ክሊን ሪትም፣ ቀጥሎ ትንሽ ሶሎ ቅረጹና ይዙር። ጊታሩን ስታንድ ላይ አስቀምጡ። ከመድረክ ውረዱ። መሃል ጠረጴዛዎቹ ጋ ቁሙ፣ ከዚያ እስከ በሩ ሂዱ። ጥግ ስትደርሱ ቤዙ ሲያብጥ ትሰማላችሁ፤ በሱ አትወስኑ። መሃል ላይ በሰማችሁት ወስኑ። ተመለሱ፣ አንድ ነገር ብቻ አስተካክሉ፣ እንደገና ውረዱ። ድራመሩና ኪቦርዲስቱ አብረው እንዲመቱላችሁም ጠይቁ፤ ጊታር ብቻውን ሲሰማ ያታልላል። ደግሞ ባዶ አዳራሽ ሰው ሲሞላበት ላይኛው ድምፅ ይዋጣል። ስለዚህ ሳውንድ ቼክ ላይ ትንሽ ብሩህ ሆኖ ቢቀር አይክፋችሁ።

ስለ ዲሌይና (ድምፁን ዘግይቶ የሚደግመው) ሪቨርብ (የሚያስተጋባው) የምለው አለኝ፣ በተለይ በኛ ቅኝት። አንቺሆዬ ውስጥ በግማሽ ቶን የሚጠጋጉ ድምፆች አሉ። ረጅም ዲሌይ ከጨመራችሁበት ያለፈው ድምፅ አዲሱ ላይ ተመልሶ ይመጣና ይጋጫሉ። ትዝታ ላይ ያቺ ቀስ ብላ ክሩን ስባ የምታለቅሰው ድምፅ ናት ሰውን ከወንበሩ የምታስነሳው። በሪቨርብ ካጥለቀለቃችኋት የሚቀረው ጭጋግ ነው። አዳራሹ ራሱ ያስተጋባል፤ ከናንተ ጥቂት ይበቃዋል። ይህን ስጽፍ ስሜት ውስጥ እገባለሁ፣ ምክንያቱም እነዚያን ጌጦች በክራርና በማሲንቆ ያወረሱን አባቶች በፔዳል ብዛት እንዲጠፉ አልፈልግም።

መውጫው ስቴሪዮ (ግራና ቀኝ) የሆነ ፔዳል ይዛችሁ አንድ ኬብል ብቻ ከሰካችሁ ሞኖ የተጻፈበት ላይ ይሁን። ስለ አዳፕተርም አደራ፦ አብዛኛው ፔዳል 9 ቮልት ነው፣ መሃሉ ኔጋቲቭ። ያገኛችሁትን አትሰኩ።

መብራት ብልጭ ሲል ወይም ወደ ጄኔሬተር ሲዞር ዲጂታሉ ይጠፋል፤ እስኪነሳም ሰው ሁሉ ያያችኋል። በባትሪ የምትሠራ አንዲት ትንሽ አናሎግ ፕሪአምፕ (የጊታሩን ሲግናል ለሚክሰር የምታዘጋጅ) ቦርሳችሁ ውስጥ ትኑር። ሁካታ ሲበዛ ደግሞ የሶኬቱን ሦስተኛ እግር የሚቆርጡ አሉ። እባካችሁ፣ በፍጹም። ያ እግር 220 ቮልቱ ወደ ክራችሁና ወደ ማይኩ እንዳይመጣ የሚጠብቃችሁ ነው። ከንፈሩ ማይክ ሲነካ የሚነዝረው ድምፃዊ አይታችሁ ይሆናል፤ እጁ ጊታር ላይ ሆኖ ከሆነ ሊሞት ይችላል። ሁካታውን በዲአይ ቦክሱ የግራውንድ ቁልፍ አጥፉት። እሱ የሲግናሉን ግራውንድ ብቻ ነው የሚለየው።

የቀረው የሳውንድ ባለሙያው ነው። ቀድማችሁ ድረሱ፣ ሰላም በሉት፣ ስሙን እወቁ። ካብ ሲም እንዳበራችሁ ንገሩትና ኢኪውውን ሳይነካ እንዲጀምር ጠይቁት። ሞኒተሩ እግራችሁን ሳይሆን ጆሯችሁን እንዲያይ አዘንብሉት፤ ራሳችሁን በደንብ ስትሰሙ ድምፅ ለመጨመር አትሻሙም። ሶሎ ላይ የምትረግጡት ቡስት (ማጎልበቻ ፔዳል) ጌን ሳይሆን ድምፅና ሚድ የሚጨምር ይሁን። ምን ያህል እንደሚጨምርም ሳውንድ ቼክ ላይ ረግጣችሁ አሰሙት፤ ካልነገራችሁት ሶሎው ሲመጣ ፌደሩን (የድምፅ ማንሸራተቻውን) ያወርድባችኋል።