መልስ፦ «ሻዶው ኤንድ ቦን» ለ14 ዓመት ልጅ ይሆናል?
እህቴ፣ ልጅሽ ይህን መጽሐፍ ግዢልኝ ስትልሽ ለዕድሜዋ ይከብዳት እንደሆነ ጠይቀሻል። እኔ ታንብበው ባይ ነኝ።

ሊ ባርዱጎ በ2012 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው ልብ ወለድ ነው። ራቭካ የምትባለው ምናባዊ አገር መልኳን የወሰደችው ዛር የሚባሉት ነገሥታት ይገዟት ከነበረችው ሩሲያ ነው። አሊና ወላጆቿን በጦርነት አጥታ በአንድ መስፍን ቤት ማል ከሚባል ልጅ ጋር ያደገች ልጅ ናት፤ እሱም እንደሷው ወላጅ የለውም። ኋላ ሁለቱም ጦር ሠራዊት ይገባሉ። ጭራቆች በሞሉት ጨለማ ውስጥ ማል ሊሞት ሲል ከሰውነቷ ብርሃን ይፈነጥቃል።

እኔን የነካኝ ግን ሌላ ነው (ታሪኩን አስቀድሞ መስማት ካልፈለግሽ ይህን አንቀጽ ዝለዪው)። በልጅነቷ አስማታዊ ኃይል ያላቸውን ልጆች የሚፈልጉ መርማሪዎች ሲመጡ፣ ከማል እንዳይነጥሏት ፈርታ ኃይሏን በውስጧ አፍና አስቀርታዋለች። ለዓመታት የከሳችውና አቅም ያጣችው ለዚህ ነበር። የሚወዱትን ላለማጣት ራስን መደበቅ ምን እንደሚያስከፍል እንዲህ ያሳየኝ የወጣቶች መጽሐፍ ጥቂት ነው።

ጦርነት፣ ሞትና መሳሳም አለበት። ዳርክሊንግ የተባለው ሰው ደግሞ ፍቅርን ለመቆጣጠሪያ ይጠቀምበታል፤ እዚያ ስትደርስ አብረሻት አውሪ። ሁለት ተከታይ ክፍሎች ስላሉት ከዚህኛው ትጀምር።