«ጩኸት ሥራ አይሆንም» ላሉሽ አባትሽ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዘንድሮ በኬሚስትሪ ተመርቀሻል፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ሥራ መጣልሽ። አንዱ የኬሚካል ፋብሪካ ነው፤ ሴፍቲ ኦፊሰር (የሥራ ደህንነት ተቆጣጣሪ)፣ ቋሚ ቅጥር፣ ደህና ደሞዝ። ሌላው የሠራተኛ ማኅበራትና የአካባቢ ተቆርቋሪዎች አንድ ላይ ያቋቋሙት ጥምረት ነው። የሥራ ቦታዎች ደህንነታቸው እንዲጠበቅ፣ ትምህርት ቤቶችም ጤናማ እንዲሆኑ ዘመቻ ያካሂዳል። ኮንትራቱ የሁለት ዓመት ነው፤ ደሞዙ ከፋብሪካው በሲሶ ያንሳል። ልብሽ ያለው እዚያ ነው። አባትሽ ግን «ጩኸት ሥራ አይሆንም፤ ነገር ፈላጊ ተብለሽ ትቀሪያለሽ» አሉሽ። ከዚያ በኋላ አንቺም ተጠራጠርሽ። ማስተርስ ልቀጥል ወይ፣ ሰው ፊት መናገር እፈራለሁ፣ የታናሽ ወንድሜን የትምህርት ቤት ክፍያ ማን ይችላል የሚሉትንም ጨምረሻል።

ዘጠኝ ዓመት ሴፍቲ ኦፊሰር ነበርኩ። ከዚያ ስድስት ዓመት ለሠራተኛ ማኅበር ሠርቻለሁ። ስለዚህ የአባትሽን ቃል በዝምታ ማለፍ አልቻልኩም። ረዘም አድርጌ የምመልሰውም እሱን ነው።

አባትሽ ጩኸት የሚሉት ነገር የተቆለፈ በር አስከፍቷል፤ እውነተኛ በር። እ.ኤ.አ. በማርች 1911 ኒው ዮርክ ውስጥ ትራያንግል የሚባል የሴቶች ሸሚዝ ፋብሪካ ተቃጠለ። አንዱ መውጫ ተቆልፎ ነበር። 146 ሰው አለቀ፤ አብዛኞቹ ወጣት ስደተኛ ሴቶች ነበሩ። ፍራንሲስ ፐርኪንስ የምትባል ሴት መንገድ ላይ ቆማ ሰዎች ከፎቅ ሲዘሉ አየች። ሠራተኞቹ አደባባይ ወጡ፣ የምርመራ ኮሚሽን ተቋቋመ። ፐርኪንስም ሕግ አውጪዎቹን ይዛ ፋብሪካ ለፋብሪካ አዞረቻቸው። እ.ኤ.አ. በ1933 የአሜሪካ የሥራ ሚኒስትር ሆነች፤ በዚያ አገር ካቢኔ የመጀመሪያዋ ሴት።

ይህ ሩቅ ከሆነብሽ ቅርቡን ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 23 ቀን 2013 ባንግላዴሽ ውስጥ ራና ፕላዛ በተባለው ሕንፃ ላይ ስንጥቅ ታየ። ታች ያሉት ሱቆችና ባንኩ ዘጉ። የልብስ ስፌት ሠራተኞቹ ግን በማግስቱ ግቡ ተባሉ፤ ገቡም። ሕንፃው ተደረመሰ፤ ከ1,100 በላይ ሰው ሞተ። በሳምንታት ውስጥ የሠራተኛ ማኅበራትና የልብስ ብራንዶች በሕግ የሚያስገድድ ስምምነት ፈረሙ። ከዚያ መሐንዲሶች ከሺህ በላይ ፋብሪካዎች ውስጥ ገቡ። ምሰሶ ፈተሹ፣ የኤሌክትሪክ መስመር አዩ፣ መውጫ ላይ ያሉ ቁልፎችን አስነሡ።

ማን እንደገባ ልብ በይ። መሐንዲስ ነው የገባው። ግን ያለዚያ ሁሉ ሰልፍና ግፊት በሩን ማንም አይከፍትለትም ነበር።

እሳቱና ድርመሳው ደግሞ ከሞቱ ትንሹ ክፍል ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ግምት በየዓመቱ 2.93 ሚሊዮን ያህል ሰው ከሥራ ጋር በተያያዘ ምክንያት ይሞታል። ከዚህ ውስጥ 2.6 ሚሊዮኑ የሚሞተው በበሽታ ነው። አስቤስቶስ የሚባለውን፣ ለሕንፃ ሥራ ሲውል የኖረ የቃጫማ ማዕድን ብናኝ የተነፈሰ ሰው የሚታመመው ከ20፣ ከ30፣ አንዳንዴም ከ40 ዓመት በኋላ ነው። ያኔ ጡረታ ወጥቷል። ፋብሪካው ባለቤት ቀይሯል። አለቃው የለም። ሰውየው የሚከራከርበት ነገር የሚኖረው ገና ሥራ ላይ ሳለ አንድ ሰው አየሩን ለክቶ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ካስቀመጠ ነው። ያ ሰው ኬሚስት ነው። አንቺ ተምረሽ የወጣሽው ይህንኑ ነው።

የጭስ ቱቦ የሚባል ነገር አለ። ጣት የምታክል የብርጭቆ ቱቦ ናት። ሁለቱን ጫፍ ሰብረሽ ላስቲኩን ስትጨምቂው ነጭ ጭስ ትለቃለች። የአየሩን መንገድ በዓይንሽ ታሳይሻለች። እሠራበት የነበረው ፋብሪካ ውስጥ ሁለት ሠራተኞች ቀኑን ሙሉ ዕቃ በቲነር ያጥቡ ነበር። ከገንዳው በላይ አየር መምጠጫ ተገጥሟል። ሞተሩ ያጓራል። ሁሉም «ይኸው ይሠራል» ይላል። አንድ ቀን ቱቦዋን ገንዳው ላይ ይዤ ጨመቅኩ። ጭሱ ወደ ላይ ወጣ፣ መምጠጫው አፍ ላይ ሲደርስ ቆመ፣ ዞረ፣ ተመልሶ በሠራተኛው አፍንጫ ሥር አለፈ። ሰውየው ጭሱን አየው። ከዚያ እኔን አየኝ። ምንም አላለም።

የአየር መስመሩን ስናስከፍት በደረቀ ቀለም ተደፍኗል። የቀረው ቀዳዳ እጅ አያስገባም። ሪፖርት ጻፍኩ። ተጠሪነቴ ለምርት ኃላፊው ነበር። ጽዳቱ ሦስት ቀን ምርት ያስቆማል። ሪፖርቱ መሳቢያ ገባ። በምትኩ ማስክ ተገዛ፤ ያውም የብናኝ ማስክ። የብናኝ ማስክ የቲነር ትነት አይከለክልም፣ ይህንን ታውቂያለሽ። እኔም አውቅ ነበር። ግን ያደልኩት እኔ ነኝ፣ የፈረምኩትም እኔ ነኝ። እስካሁን ያሳፍረኛል።

ሪፖርቱ 14 ወር ተኛ። ከዚያ የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ መጥቶ «ያችን ቱቦ ስጠኝ» አለኝ። ሰጠሁት። ፈረቃ ሲቀያየር፣ ሁለቱም ፈረቃ ባለበት ሰዓት፣ ገንዳው ላይ ይዞ ጨመቃት። 40 የሚሆን ሰው ጭሱ ወዴት እንደሄደ አየ። በማግስቱ እዚያ ክፍል የሚገባ ጠፋ። በአራተኛው ቀን መስመሩ ተጠረገ።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ጥምረቱ ጋ ግቢ፤ ግን የቴክኒክ ሰው ሆነሽ ግቢ። ኮንትራቱን ሳትፈርሚ ጠይቂያቸው። የአየር ናሙና የሚወስደው ማን ነው? መሣሪያ አላችሁ ወይስ በኪራይ ነው? ናሙናው የትኛው ላብራቶሪ ይሄዳል? ሁለቱን ዓመት አብሬው የምዞር ልምድ ያለው ሰው አለ? መልሳቸው ፖስተርና ጋዜጣዊ መግለጫ ብቻ ከሆነ ፋብሪካውን ምረጪ። ሙያ ሳትይዢ ሁለት ዓመት ማለፍ የለበትም።

ፋብሪካውንም እንዲሁ ጠይቂ። ተጠሪነቴ ለማን ነው? ለምርት ኃላፊው ከሆነ የኔን መሳቢያ አስቢ። አደጋ ካየሁ ማሽን ማስቆም እችላለሁ? ከእኔ በፊት የነበረው ሴፍቲ ኦፊሰር የት ሄደ? ባለፈው ዓመት የደህንነት በጀቱ ምን ላይ ወጣ? ይሄኛው ብዙ ይናገራል። በሙያችን ቅደም ተከተል አለ። መጀመሪያ አደገኛውን ነገር ታስወግጃለሽ። ካልሆነ አደጋው ባነሰ ትተኪዋለሽ። ካልሆነ ማሽኑን ትሸፍኛለሽ ወይም አየሩን ከምንጩ ታስመጥጫለሽ። ከዚያ የአሠራር ሥርዓት ትቀይሪያለሽ። ማስክና ጓንት መጨረሻ ላይ ነው የሚመጡት። በጀቱ በሙሉ ማስክና ጓንት ከሆነ ከመጨረሻው ጀምረው እዚያው ቆመዋል ማለት ነው።

«ፋብሪካና ትምህርት ቤት ምን አገናኛቸው?» ብለሻል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ኢንተርቪው ላይም መምጣቱ አይቀርም። ትምህርት ቤት ለመምህሩ፣ ለጽዳት ሠራተኛዋ፣ ለጥበቃው የሥራ ቦታ ነው። ልጁ ደግሞ ቀኑን እዚያ ሲተነፍስ ይውላል። የልጅ ሰውነት ከክብደቱ አንጻር ከአዋቂ የበለጠ አየር ይስባል። እጁን መሬት ያስነካል፣ እጁን አፉ ይከታል። ከአሮጌ ቀለም የሚረግፈው እርሳስ (ሌድ የሚባለው መርዛማ ብረት) በዚህ መንገድ ይገባል፤ ለልጅ ጉዳት የለውም ተብሎ የሚታወቅ የእርሳስ መጠን የለም። ጽዳት ሠራተኛዋ ማንም ሳያስጠነቅቃት በረኪናና አሞኒያ ስትቀላቅል የሚወጣውን ጋዝ መጀመሪያ የምትስበው እሷ ናት፣ ቀጥሎ ክፍሉ ውስጥ የሚገቡት ልጆች። የእሷ ጉዳይና የልጆቹ ጉዳይ የሚለያይበት ቦታ የለም።

የአካባቢና የሠራተኛ ወገኖች አብረው መቆማቸውም ዛሬ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 የአሜሪካ የነዳጅና የኬሚካል ሠራተኞች ማኅበር በጤናና ደህንነት ጉዳይ ሼል ላይ አድማ ሲመታ የአካባቢ ድርጅቶች አብረውት ቆሙ። በአጥሩ ውስጥ ያለው ጋዝ አጥሩን ዘሎ ሰፈር ይገባልና። ትምህርት ቤትን በተመለከተ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1986 እዚያው አሜሪካ የወጣው ሕግ ትምህርት ቤቶች ሕንፃቸውን ለአስቤስቶስ እንዲፈትሹ ያስገድዳል። የያዙትን እቅድም ወላጅና ሠራተኛ ማየት ይችላል። ይህን «ማየት ይችላል» የሚለውን በደብተርሽ ያዢው። ብዙ ዘመቻ የሚጀምረው «ወረቀቱን አሳዩን» ከሚል ጥያቄ ነው።

አንድ ጊዜ ከመምህራን ጋር ሆኜ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ መጨረሻው ረድፍ ላይ አስቀመጥኩ። ውጭ ያለው አየር 420 ፒፒኤም አካባቢ ነው፤ ከሚሊዮን የአየር ክፍል 420ው ማለት ነው። ልጆቹ ሲገቡ መለኪያው 600 ይል ነበር፤ ከ40 ደቂቃ በኋላ 2,300። መጠኑ ራሱ መርዝ አይደለም፤ የሚነግርሽ ክፍሉ አየር እንዳልቀየረ ነው። አንድ ልጅ ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል። መምህሯ «እሱ ሁሌም እንቅልፋም ነው» አለችኝ። መስኮቶቹ በብሎን ታስረው ነበር። ሁለቱን አስፈታን። በሩብ ሰዓት ቁጥሩ ከ1,000 በታች ወረደ። መምህሯ መለኪያውን ከእጄ ወስዳ ትክ ብላ አየችው፣ ከዚያ ልጁን አየችው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። እዚህ ላይ አላባብልሽም። በደብዳቤሽ መሀል በግማሽ መስመር ያለፍሽው ታላቅ ወንድም አለሽ። «እሱ ሥራ አለው» ብለሽ ዘለልሽው። የታናሽሽ የትምህርት ቤት ክፍያ ታዲያ ለምን አንቺ ላይ ብቻ ወደቀ? ገና የመጀመሪያ ደሞዝሽን ሳትቀበዪ? ቤት ውስጥ ይህን የሚያነሳ ከሌለ አንቺ አንሺው። ቁጭ በሉና ተካፈሉት። ከጥምረቱ ደሞዝ በየወሩ የምትሰጪውን ቁርጥ አድርገሽ ተናገሪ፣ ቀሪውን ታላቅሽ ይያዝ። በሁለቱ ሥራ መካከል ያለው ልዩነት ሲሶ ነው። ለዚያ ሲሶ ብለሽ የማታምኚበት ቦታ ገብተሽ እንደኔ ማስክ ስታድዪ እንድትኖሪ አልመክርሽም።

አባትሽ ክፉ አስበው አይደለም፤ ፈርተውልሽ ነው። ፍርሃታቸውም መሠረት አለው። ከማኅበሩ በኋላ ሁለት ቦታ ስሜን ሰምተው መልሰውኛል። ግን «ጩኸት» የሚሉት ነገር ዛሬ የት እንደደረሰ ንገሪያቸው። እ.ኤ.አ. በጁን 2022 የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ጉባኤ ደህንነቱና ጤንነቱ የተጠበቀ የሥራ አካባቢን ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች አንዱ አድርጎታል፤ የግዳጅ ሥራና የሕፃናት ጉልበት ብዝበዛ ከተከለከሉበት መዝገብ ጎን። የዚሁ ድርጅት የ1981 (እ.ኤ.አ.) ስምምነት ቁጥር 155 ደግሞ ሕይወቱን ወይም ጤናውን የሚያሰጋ ቅርብና ከባድ አደጋ አለ ብሎ በበቂ ምክንያት ከሥራው ዘወር ያለ ሠራተኛ ያልተገባ ቅጣት እንዳይደርስበት ይጠብቃል። በማግስቱ ያ ክፍል አልገባም ያሉት የኔ ሰዎች ያደረጉት ይህንኑ ነው። ይህን ሕግ ማንበብ ብቻ ሳይሆን መለካትም የሚችል ሰው በብዛት የለም። ስለ ሥራ ዋስትና ካወራን ዋስትናሽ እዚህ አለ።

የቀረውን ባጭሩ። ማስተርስ አሁን አይደለም፤ ሁለት ዓመት ለክተሽ ስትጨርሺ በምን እንደምትማሪ ራስሽ ታውቂያለሽ። ሰው ፊት መናገር ደግሞ ቁጥር በእጅሽ ሲኖር ይቀላል፤ እኔ 40 ሰው ፊት አንድ ቃል ሳልናገር ጭሱ ተናግሯል።

ኢንተርቪውሽ ሐሙስ ነው ብለሻል። በመጨረሻ የሠሩበትን ትምህርት ቤት እንዲያሳዩሽ ጠይቂ። ከወሰዱሽ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ከመግባትሽ በፊት ጽዳት ሠራተኛዋን ፈልጊያት። በምን እንደምታጸዳ፣ ጀሪካኑ ላይ ምን እንደተጻፈ፣ መስኮቱ ይከፈት እንደሆነ ጠይቂያት። የጥምረቱ ሰዎች ስሟን ያውቁት እንደሆነም አጣሪ። ከዚያ ጻፊልኝ።