ሁለቱን ወገን ካናገራችሁ በኋላ

የጎረቤቴ ልጅ ጋዜጠኝነት ትማራለች። በቀደም ደረጃው ላይ አግኝታኝ፣ «ጋሼ፣ አከራካሪ ጉዳይ ላይ ሁለቱንም ወገን ካናገርኩ ሥራዬን ጨረስኩ ማለት ነው አይደል?» አለችኝ። አዎ ብዬ መገላገል እችል ነበር። ግን ጥያቄው የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ። ስለዚህ ለእሷም ለእኩዮቿም ልጻፍ አልኩ።

የምኖረው አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ ነው። ዛሬ ዙሪያው ሁሉ ኮንዶሚኒየም ነው። ፎቆቹ ከመቆማቸው በፊት ግን ይህ ሁሉ ጤፍና ሽምብራ የሚዘራበት ማሳ ነበር። ያኔ የምሠራው አንድ የግል ጋዜጣ ላይ ነበር። «እዚያ ዳር ገበሬና ቤት ሠሪ ተጣልተዋል» የሚል ወሬ ሰማሁና ቴፔን ይዤ ወጣሁ። ጠብ ፍለጋ ነው የሄድኩት፣ ምን እደብቃለሁ።

ስደርስ ሁለቱም አንድ ቤት ተቀምጠው ቡና ይጠጣሉ።

አዛውንቱ ገበሬ ከማሳቸው ጥግ ቆርሰው ለሴትየዋ ሸጠውላታል። እሷ የከተማው ኪራይ ያንገሸገሻት፣ እንጀራ ሸጣ ሁለት ልጅ የምታሳድግ ሴት ናት። ውሉ በእጅ ጽሑፍ፣ በሦስት ምስክር ነው። የጭቃ ቤቷን ሠርታ ገብታለች። ሰፈሩ «የጨረቃ ቤት» ይለዋል። ከዚያ መሬቱ ለልማት ተፈለገና ሁለቱም ተነሱ ተባሉ።

እዚህ ላይ ሕጉን ማወቅ ያስፈልጋል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ስለዚህ የእሷ ወረቀት ዋጋ የለውም። ካሳው ለገበሬው ነው። እሱም ቢሆን በ1997 ዓ.ም. አዋጅ የሚሰላው ያለፉት 5 ዓመታት አማካይ ገቢ በ10 ተባዝቶ ነበር። (በኋላ በአዋጅ 1161/2011 ወደ 15 ከፍ ብሏል።) አዛውንቱ ሒሳቡን ጣታቸው ላይ ቆጥረው ካሳዩኝ በኋላ፣ «10 ዓመት በልተን እንጨርሰዋለን፣ ከዚያ ልጄ ምን ያርሳል?» አሉኝ። ቁራጩን የሸጡትም ይህንኑ ፈርተው ነው። ገንዘቡ ለሴት ልጃቸው ሠርግና ለአንድ በሬ ወጥቶ አልቋል።

ታዲያ ምን ተስማሙ መሰላችሁ? ካሳው ሲመጣ የከፈለችውን ግማሽ ሊመልሱላት። ያለ ዳኛ፣ ያለ ሽማግሌ። «እሷም ልጆች አሏት» ነው ያሉት፣ ሌላ ምክንያት አልሰጡኝም። ምሳ ካልበላህ አትሄድም ተባልኩና የምስር ወጥ በላሁ። ጋዜጠኛ ከሚዘግበው ሰው ቤት አይበላም ብዬ ለስንቱ ጀማሪ ስሰብክ ኖሬያለሁ። አሁንም ያው ነው የምለው። ግን ያ ምሳ ባይኖር ስለ ስምምነቱ አንድ ቃል አልሰማም ነበር።

ጽፌ አስገባሁ። አዘጋጁ አነበበና፣ «ጠቡ የታለ?» አለኝ። ጠብ የለም አልኩ። «እንግዲያ ዜናው የታለ?» ጽሑፉ መሳቢያ ውስጥ ቀረ።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ሌላ ጋዜጣ ስለ ተፈናቃይ ገበሬዎች ጻፈ፣ ሽማግሌውም አሉበት። አንድ ሬዲዮ ደግሞ ሕገወጥ ግንባታ ሊፈርስ መሆኑን ዘገበ፣ የሴትየዋ ቤት ያለበት ረድፍ ነው። ሁለቱም አልዋሹም። ባለሥልጣንም፣ ነዋሪም አናግረዋል። በአንዱ ዘገባ ግን እሷ መሬት ወራሪ ሆነች፣ በሌላው እሳቸው ተበዳይ ብቻ። የሽማግሌው ዘመዶች «የአባቶችህን መሬት ሸጠህ ደግሞ ካሳ ታካፍላለህ?» ብለው ተነሱባቸው። ስምምነቱም ፈረሰ። ዜናው ብቻውን ነው ያፈረሰው አልልም። አልረዳም ግን።

ያ ጽሑፍ ባለመውጣቱ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ቢወጣስ? ሽያጩን ይፋ ማድረግ ነበር እኮ። ሽማግሌው ካሳቸውን ሊያጡ ይችሉ ነበር። ስማቸውን ብደብቅ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃቸዋል። አንዳንድ ሌሊት አዘጋጁ ሳያውቀው ደግ ሠራ እላለሁ። ጠዋት ስነሳ ደግሞ እንደገና እናደድበታለሁ።

በ2011 ዓ.ም. ከከተማው ዳር፣ ገበሬዎች በተነሱበት መሬት ላይ የተሠራው የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶ ተቃውሞ ሲነሳ ነገሩ ሁሉ ትዝ አለኝ። እኔ ካየሁት ዘገባ አንዱ ከ1997 ጀምሮ ለቤት ተመዝግበው የሚጠብቁትን ብቻ ይዟል፣ ሌላው ከመሬታቸው የተነሱትን ብቻ። በአንድ ገጽ ሁለቱን ያየሁበት ጊዜ ትንሽ ነው።

የምትዘግቡለት ሰው ስለሚሰጣችሁ ገንዘብ ያለበት ፖስታና ስለ ውሎ አበል ብዙ አልመክራችሁም፣ አትቀበሉ፣ አለቀ። ሕጉንም ራሳችሁ አንብቡ። አዋጅ 1238/2013 የመገናኛ ብዙኃን ስም ማጥፋትን ከወንጀል ወደ ፍትሐ ብሔር ያወጣው ትልቅ ነገር ነው። በዚያ አትዘናጉ ታዲያ። በአዋጅ 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨት እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ያስከትላል።

የዛሬ ልጆች ትቸኩላላችሁ። «ሰበር» ብላችሁ ከለጠፋችሁ በኋላ ነው የምትጠይቁት። በመጋቢት 2009 የቆሼው የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሲያልቅ፣ ልጇን የምትጠብቅ እናት አፍ ላይ ማይክ ደቅኖ «ምን ይሰማዎታል?» ያለ ወጣት አይቻለሁ። ምን ሊሰማት ኖሯል? እውነቱን ለመናገር እኛም ከእናንተ አንሻልም ነበር፣ ስልክ ስላልነበረን ነው። አንድ ፎቶ የት እንደተነሳ ካርታ ከፍታችሁ ስታረጋግጡ ሳይ ደግሞ እቀናለሁ።

ለጎረቤቴ ልጅ የመለስኩላት ይህን ነው፦ ሁለቱን ወገን ካናገርሽ በኋላ ስለ ምን እንደሚስማሙ ጠይቂ። ይህን ጥያቄ ማንም አይጠይቅም፣ መልሱ ቶሎ አይመጣም፣ አዘጋጅሽም አይወደውም። ወደ ወረዳ ስትሄጂ ከመግለጫው በፊት የካሳ ግምቱን ሰነድ ጠይቂ፣ በስንት ዓመት እንደተባዛ ቁጭ ብለሽ አስዪው። ከወር በኋላም ተመልሰሽ ሂጂ። ያኔ ካሜራ የያዘ ሰው ስለማይኖር በደንብ ያወሩሻል።