ታይላንድን በበዓል ሰሞን፦ ጠይቃችሁኝ የመለስኩት

ባንኮክ መኖር ከጀመርኩ ቆየሁ። ለሕክምና ወይም ለንግድ የሚመጡ ወገኖችን አስተረጉማለሁ። ጉዳያቸውን ሲጨርሱ ሁሉም "እስኪ አንድ የሚታይ ነገር አሳየን" ይላሉ። ሰሞኑን ደግሞ ስለ በዓላቱ ብዙ ጥያቄ መጣልኝ፤ እዚህ አንድ ላይ ልመልስ። ወሮቹንና ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ጋሼ፣ ያለችኝ ዕረፍት አንድ ሳምንት ናት። መቼ ልምጣ?

ሰው ርካሽ ትኬት ያይና ይቆርጣል፤ ከዚያ "ምን በዓል አለ?" ይለኛል። አንተ ገልብጠው። መጀመሪያ በዓሉን ምረጥ። ሶንግክራን የሚባለው ባህላዊ አዲስ ዓመት ቀኑ አይነቃነቅም፤ ከኤፕሪል 13 እስከ 15 ነው፣ በእኛ ሚያዝያ 5 ይጀምራል። ሌሎቹ ትልልቅ በዓላት አብዛኞቹ ጨረቃን ስለሚከተሉ እንደ ፋሲካ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ባለፈው ዓመት ቀን ሆቴል እንዳትይዝ።

እኔን ካልከኝ ኖቬምበር ና። ዝናቡ ወጥቷል፣ ሙቀቱ ገና አልከረረም፣ ሎይ ክራቶንግም ብዙ ጊዜ የሚውለው ያኔ ነው። ባሕር ካማረህ ግን አንድ ነገር ልብ በል። በምዕራብ በኩል ያሉት ፉኬትና ክራቢ ከሜይ እስከ ኦክቶበር ዝናብና ማዕበል አለባቸው። በምሥራቅ በኩል ያለችው ኮ ሳሙይ ደግሞ ዋናው ዝናቧ ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ነው። አንዱ ሲጠቁር ሌላው ብራ ነው ማለት ነው።

ጥያቄ (ከዋሽንግተን)፦ ሶንግክራንን በቪዲዮ ሳየው ጃንሜዳ ላይ ጥምቀት የሚረጭ ነው የመሰለኝ። ነገሩ ውሃ መረጫጨት ብቻ ነው?

ከሩቅ ሲታይ ይመስላል። ትርጉሙ ግን ሌላ ነው። ሶንግክራን ፀሐይ ወደ አዲስ የኮከብ ቤት የምትሻገርበት ቀን ነው። ታይላንድ በ1941 የመንግሥቱን አዲስ ዓመት ወደ ጃንዋሪ 1 አዛወረች። የሕዝቡ በዓል ግን እዚያው ኤፕሪል ላይ ቀረ።

ካሜራው የማያሳይሽ ጠዋቱን ነው። ቤተሰቡ በማለዳ ወደ ዋት፣ ማለትም ወደ ቤተ መቅደሳቸው፣ ይሄዳል። ለመነኮሳት ምግብ ያቀርባሉ። በቡድሃ ምስል ላይ አበባ የተነከረበት መዓዛማ ውሃ በቀስታ ያፈሳሉ። ልጆች በአያቶቻቸው መዳፍ ላይ ውሃ ያንጠባጥቡና ተመርቀው ይነሳሉ። አሸዋ ተሸክሞ የሚመጣም አለ። ዓመቱን ሙሉ በእግሬ ከቅጥሩ ያወጣሁትን አሸዋ ልመልስ ብሎ ግቢው ውስጥ ትንሽ የአሸዋ ግንብ ይሠራል። ዩኔስኮ በ2023 በማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ላይ ያሰፈረው ይህን ሁሉ ነው፤ የፕላስቲክ ሽጉጡን ብቻ አይደለም።

ከረፋዱ በኋላ ግን ከተማው ያብዳል። ባንኮክ ላይ ሲሎም ጎዳናና ካኦ ሳን የወጣቶች ናቸው። በሰው ጎርፍ መሄጃ ይጠፋል። እኔ የምወደው በሰሜን ያለችውን ቺያንግ ማይን ነው። የጥንቱ ከተማ ዙሪያውን ውሃ በሞላበት ቦይ የተከበበ ነው፤ ሰዉ ከዚያው እየቀዳ ይረጫል። ኤፕሪል 13 ቀን ደግሞ ፕራ ሲንግ የሚባለው የቡድሃ ምስል በሠረገላ ከተማውን ይዞራል፣ ሕዝቡም ውሃ ያፈስለታል። አንድ ቀን ሙሉ ተጫወቺ፣ ሁለተኛውን ቀን ጠዋት ዋት ግቢ። ሦስቱንም ቀን መርጠብ ይሰለቻል።

ስልክሽን ውሃ የማያስገባ ከረጢት ውስጥ አድርጊ፣ በየጥጉ ይሸጣል። መነኩሴ፣ ሽማግሌና ሕፃን አይረጭም። በረዶ የተጨመረበት ውሃ የሚደፉ ነገረኞች አሉ፤ ዝም ብለሽ ሳቂ፣ መቆጣት አያምርብሽም። ሞተር ሳይክል ግን አደራ! መንግሥት እነዚህን ቀናት "ሰባቱ አደገኛ ቀናት" ብሎ የአደጋ ሟቾችን በየቀኑ ይቆጥራል። መጠጡም ውሃውም መንገድ ላይ ነው። ባቡርና አውቶቡስም አስቀድሞ ያልቃል፣ ሁሉም አገሩ ይገባላ።

ጥያቄ (ከቴላቪቭ)፦ ሰማዩን የሚሞላው ፋኖስ የት ነው? ሁሉም ሎይ ክራቶንግ ይሉታል።

ሁለት በዓል ተደባልቆባቸው ነው። ሎይ ክራቶንግ የውሃ ነው። በአሥራ ሁለተኛው የጨረቃ ወር፣ ሙሉ ጨረቃ በምትወጣበት ማታ ይከበራል። ክራቶንግ የምትባል፣ ከሙዝ ግንድና ቅጠል የተሠራች ትንሽ ጀልባ ላይ ሻማ፣ ዕጣንና አበባ ይደረግና ወንዝ ላይ ትለቀቃለች። ለውሃዋ እናት ምስጋናም ይቅርታም ነው። ፋኖሱ ዪ ፔንግ ይባላል፤ የሰሜኑ፣ በተለይ የቺያንግ ማይ በዓል ነው። ሁለቱ በአንድ ሰሞን ስለሚውሉ ነው ሰው አንድ ያደረጋቸው።

ፎቶው ላይ ያየኸው፣ ሺህ ፋኖስ በአንድ ጊዜ የሚነሳበት፣ ብዙውን ጊዜ ከከተማው ውጪ ትኬት ተሸጦ የሚዘጋጅ ዝግጅት ነው። ርካሽ አይደለም። ፋኖስ በየቦታው መልቀቅ አይፈቀድም፤ በዚያ ሰሞን የቺያንግ ማይ በረራዎች ራሳቸው ይሰረዛሉ ወይም ይዘዋወራሉ። የመመለሻ ትኬትህን በዚያ ማታ አታድርገው።

እውነቱን ልንገርህ፣ እኔ ሱኮታይን እመርጣለሁ። የጥንት ዋና ከተማ ፍርስራሽ ነው። ኩሬዎቹ ላይ ሻማው ሲንሳፈፍ ከኋላው የቆመው የድንጋይ ግንብ ይታያል። ታክ የምትባል ከተማ ደግሞ ከሙዝ ቅጠል ይልቅ የኮኮናት ቅርፊት ይጠቀማሉ። ፒንግ ወንዝ ላይ አንዱን ከአንዱ አስከትለው ሲለቁት ረጅም የእሳት መስመር ይሆናል። ፈረንጅ ብዙም አይደርስበትም።

ክራቶንግ ስትገዛ የሙዝ ግንዱን ወይም የዳቦውን ግዛ። ዳቦውን ዓሣ ይበላዋል።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ እኔ የምጾም ሰው ነኝ። በጾም ወቅት ብመጣ ምን እበላለሁ?

ይሄ ጥያቄ በጣም ደስ አለኝ፣ ምክንያቱም መልሱ ከምትገምቺው በላይ ጥሩ ነው። "ጄ" የሚባል ምግብ አላቸው። ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት የለበትም። እንዲያውም ከእኛ ይብሳል፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም አይገባበትም። ምልክቱ በቢጫ ላይ በቀይ የተጻፈ ፊደል ነው። ምግብ ቤት ገብተሽ "ጄ" በይ። "ቬጅቴሪያን" ካልሽ እንቁላል ጠብሰው ያመጡልሻል።

ዓሣ የማትበዪ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቂ። የታይ ምግብ ጨው ማለት ብዙ ጊዜ የዓሣ መረቅ ነው። የካሪው ቅመም ውስጥ የተፈጨ ሽሪምፕ አለ። የፓፓያ ሰላጣው ቅጠል ብቻ መስሎሽ ስትቀምሺው ደረቅ ሽሪምፕ ይወጣል።

የዚህ ምግብ ትልቁ ሰሞን በቻይናውያን አቆጣጠር በዘጠነኛው ወር ያሉት ዘጠኝ ቀናት ናቸው፤ ሴፕቴምበር መጨረሻ ወይም ኦክቶበር ላይ ይውላል። ከጽጌ ጾም ጋር የሚገጣጠምበት ዓመት አለ። ያኔ አገሩ ሁሉ ቢጫ ባንዲራ ይሰቅላል፣ የጾም ምግብ ከመንገድ ዳር እስከ ሱፐርማርኬት ይሞላል። ዋናው ፉኬት ላይ ነው። በ1825 ካቱ በምትባል የቆርቆሮ ማዕድን መንደር የቻይና ኦፔራ ቡድን አባላት ታመው፣ በጾምና በጸሎት ዳኑ ይባላል፤ የጀመረውም ከዚያ ነው ይላሉ። ሰዉ ነጭ ይለብሳል። ግን አስቀድሜ ልንገርሽ፣ መንፈስ ያደረባቸው ሰዎች ጉንጫቸውን በጦርና በብረት ወግተው በሰልፍ ይሄዳሉ። ደም ማየት የማትችዪ ከሆነ ሰልፉን ተዪው፣ ምግቡን ብዪ።

ጥያቄ (ከአትላንታ)፦ ቱሪስት ያላጥለቀለቀው በዓል ንገረን እስቲ።

ዳን ሳይ ሂዱ። በሰሜን ምሥራቅ፣ ሎይ በሚባል ክፍለ ሀገር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በዓሉ ፒ ታ ኮን ይባላል፤ ጁን ወይም ጁላይ ላይ ነው። ቀኑን የሚቆርጠው የከተማው የመናፍስት ጠሪ ስለሆነ ቀድሞ ማወቅ አይቻልም፤ ለማቀድ የሚያስቸግረውም እሱ ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው፤ ቡድሃ ቀድሞ በኖረበት ሕይወት ልዑል ነበር፣ ከስደት ሲመለስ ደስታው ከመብዛቱ የተነሳ መናፍስትም ወጥተው ሰልፉን ተቀላቀሉ። ወጣቶቹ መናፍስቱን ሆነው ይጨፍራሉ። የጭንብሉ ፊት ከኮኮናት ዝንጣፊ ሥር ይሠራል። ባርኔጣው ደግሞ የቀርከሃ የሩዝ መቀቀያ ነው፣ ወጥ ቤት ያለው ዕቃ! ወገባቸው ላይ ደወል ያስራሉ። በእጃቸው የሚይዙት የመራባት ምልክት ግን ከአማት ጋር ቆሞ የሚታይ አይደለም። መጨረሻው ቀን ጭፈራው ይቆምና ሁሉም ቁጭ ብሎ ስብከት ይሰማል። ማደሪያ ጥቂት ነው፤ ሎይ ከተማ አድራችሁ መመላለስ ትችላላችሁ።

ሜይ ላይ ከሆናችሁ ያሶቶን በምትባል ከተማ የሮኬት በዓል አለ። በቤት የተሠራ ግዙፍ የቀርከሃ ሮኬት ወደ ሰማይ ይተኩሳሉ፣ ዝናብ ላክልን ለማለት። ሮኬቱ ያልተነሳለት ቡድን ጭቃ ውስጥ ይወረወራል። ልብስ ቀይሩ፣ ተመልካችም አይቀርለትም። ጁላይ አካባቢ ደግሞ ኡቦን ራቻታኒ የሚባለው ከተማ በሰም የተቀረጹ፣ የጭነት መኪና የሚያህሉ ምስሎች ይዞ ይወጣል። መነኮሳቱ ለዝናቡ ወራት ገዳም የሚከቱበት ጊዜ ነው።

ጥያቄ፦ እናቴን ለሕክምና አምጥቻታለሁ። አንድ ቀን አላት፣ ብዙ መራመድም አትችልም። የት ልውሰዳት?

ታላቁን ቤተ መንግሥት ተወው፤ ፀሐዩም ሰልፉም ይጎዳታል። ቻኦ ፕራያ ወንዝ ላይ በጀልባ አንሸራሽራት። ታ ቲየን ላይ ውረዱና ዋት ፖ ግቡ፣ 46 ሜትር የሚረዝም የተጋደመ ቡድሃ አለ። ጥላ አለው፣ መቀመጫም አለው። ዋት አሩንን ከወዲህ ማዶ ሆና ትየው፤ ደረጃው ቀጥ ያለ ነው። ማታ ደግሞ ናና አካባቢ የሐበሻ ምግብ አይጠፋም።

አዩታያ ለጤነኛ እግር ነው። በ1350 የተመሠረተች፣ በ1767 በርማዎች ያወደሟት ዋና ከተማ ናት። ከባንኮክ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ባቡሩም ርካሽ ነው።

ጥያቄ፦ ክርስቲያን ነኝ። ዋት መግባት ኃጢአት አይሆንብኝም?

እሱን ለንስሐ አባትዎ ይተዉልኝ፣ እናቴ። እኔ የማውቀው ማንም ስገዱ ብሎ አያስገድድዎትም። ጫማ ያወልቃሉ፣ ይሄ ለእኛ አዲስ አይደለም። ትከሻና ጉልበት ይሸፈናል፤ ነጠላዎ ይበቃል። ሲቀመጡ እግርዎ ወደ ምስሉ አይዘርጋ። መነኩሴን ሴት አትነካውም፣ ዕቃም በእጁ አትሰጠውም።

ጥያቄ፦ ቤተ መንግሥቱ በር ላይ አንድ ሰውዬ "ዛሬ ዝግ ነው" ብሎኝ በቱክቱክ ሌላ ቦታ ሊወስደኝ ነበር።

የታወቀ ማጭበርበር ነው። መጨረሻው የዕንቁ ሱቅ ወይም ልብስ ሰፊ ቤት ነው። መልስ ሳትሰጥ እስከ ትኬት መሸጫው ሂድ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ምን ወረቀት ያስፈልጋል?

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ከያዝክ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ግዴታ ነው። ይሄን ረስቶ የሚጉላላ ሰው አይጠፋም። ከሜይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ ማንኛውም የውጭ ዜጋ ከመድረሱ በፊት ባሉት 3 ቀናት ውስጥ የዲጂታል መግቢያ ካርድ በኢንተርኔት ይሞላል። ነፃ ነው። ክፈል የሚልህ ድረ ገጽ ካለ ውጣ። ቪዛው እንደ ፓስፖርቱ ይለያያል፣ ደንቡም ቶሎ ቶሎ ይቀየራል፤ ኤምባሲያቸውን ጠይቅ። ኢትዮጵያ አየር መንገድ በቀጥታ ይበራል።

ጥያቄ (ከዱባይ)፦ ሰዓታቸውና ዘመናቸው እንደኛ የተለየ ነው የሚባለው እውነት ነው?

ዘመናቸው ከፈረንጁ 543 ዓመት ይቀድማል። 2025 እነሱ ዘንድ 2568 ነበር። እኛ ወደ ኋላ፣ እነሱ ወደ ፊት። ሰዓቱ ደግሞ ያስቃል። ማታ በፈረንጅ ስምንት ሰዓት የሆነውን በንግግር ሁለት ሰዓት ይሉታል፣ ልክ እንደኛ። ትኬት ላይ ግን የሚጻፈው ባለ 24 ሰዓቱ ነው፤ በሱ ብቻ ተመሪ።

ጥያቄ፦ ዝሆን መጋለብስ?

እኔ አልመክርም። ሱሪን በምትባል ከተማ ኖቬምበር ላይ ትልቅ የዝሆን በዓል አለ፣ ከ1960 ጀምሮ የሚካሄድ፤ ኳስ ያጫውቷቸዋል፣ የጥንት ጦርነት ያስመስሏቸዋል። ዝሆኖቹ የሚሠለጥኑበትን መንገድ ካወቅኩ ወዲህ ደስ አይለኝም። ማየት ከፈለግክ ቺያንግ ማይ አካባቢ የማይጋለብባቸው መጠለያዎች አሉ። "መጠለያ" የሚል ስም ብቻ ግን አይበቃም፤ ግልቢያና ትርኢት እንደሌለ ጠይቅ።

ጥያቄ (ከሪያድ)፦ ቬፕ (የኤሌክትሪክ ሲጋራ) ይዤ ብመጣ ችግር አለው?

አለው። ክልክል ነው፣ ያስቀጣል። እዚያው ተወው።