ጥሬ ሥጋ ጀምሮ ላስቀመጠው ቡችላ

ጥሬ ሥጋውን ዛሬውኑ አቁም። የሁለት ወር ተኩል ቡችላ ከፍትፍትና ከወተት በአንዴ ወደ ጥሬ ሥጋ ሲዞር በሦስተኛው ቀን ቢያስቀምጠው አይገርምም። አንጀቱ ገና አልለመደውም።

ለሁለት ሦስት ቀን ነጭ ሩዝ ጮማ ከሌለው የተቀቀለ ሥጋ ጋር ስጠው። በቀን አራት አምስት ጊዜ፣ በትንሽ በትንሹ። ሽንኩርት ጭራሽ እንዳይነካው። «አስርበው» የሚሉህን አትስማ፤ በዚህ ዕድሜ የደም ስኳሩ ቶሎ ይወርዳል። ውሃ ከፊቱ አይጥፋ። ወተቱንም ተወው፣ እሱም ያስቀምጣል።

ድዱን በጣትህ ንካው። ደርቆ ከተጣበቀ ውሃ አጥሮታል። ይህን ወይ ደም ካየህ፣ ካስታወከ ወይ ከተኛበት አልነሳ ካለ ሩዙን እርሳውና የዚያኑ ቀን እንስሳት ሐኪም ጋ ውሰደው። ያልተከተበ ቡችላ ከሆነ ፓርቮ የሚባለው ገዳይ የአንጀት ቫይረስ ጊዜ አይሰጥም።

ሲሻለው ጥሬ ሥጋውን በቁራሽ ጀምረህ በአሥር ቀን ውስጥ ጨምር። እኔን ከጠየቅኸኝ ግን ቀቅለህ ስጠው፤ ምክንያቱን ልንገርህ።

እኛ ደሴ፣ ለአረፋም ለፋሲካም በግ ሲታረድ ሳንባውን ለውሻ እንወረውር ነበር። አንድ ጊዜ አባቴ በቢላ ሲሰነጥቀው የዶሮ እንቁላል የሚያህል፣ ውሃ የቋጠረ ነጭ ፊኛ ወጣ። ውሻው ያን በጥሬው ቢበላ አንጀቱ ውስጥ ትል ይሆናል። የትሉ እንቁላል ደግሞ ከዓይነ ምድሩ ወደ ልጆች እጅ ይደርስና ሰው ጉበት ላይ ያው ፊኛ ያድጋል። እንዲህ ያለ ሳንባ ወይ ጉበት ካገኘህ አቃጥለው፤ ከቀበርከውም ውሻ እንዳያወጣው ጉድጓዱን ጥልቅ አድርገው።